ሳንባ የቋጠረው ውኃ ምን ይናገራል?

«ሳንባው ውኃ ቋጥሯል» የተባለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይህንኑ የበሽታው ስም አድርጎ ይይዘዋል። ውኃው ግን ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። የሚጠራቀመውም ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ሳንባንና ደረትን በሸፈኑ ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። ልብ ሲደክም፣ ጉበት ወይም ኩላሊት ሲታመም፣ በሳንባ ምች፣ በቲቢና በካንሰርም ይመጣል። በራጅ ብቻ ምክንያቱን መለየት ያስቸግራል።

ታዲያ ሐኪሙ «ጥቂት ውኃ ይቀዳ» ሲል «መርፌ ከገባበትማ አይተርፍም» ብለን በሽተኛውን ወደ ቤት የምንመልስ አለን። ይህ ፍርሃት በጣም ያሳስበናል። ያለ ምርመራ በግምት የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር የሚውጥ ሰው ሕመሙ የልብ ከሆነ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋልና።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሪቻርድ ላይት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። የውኃው ፕሮቲን ከደሙ ፕሮቲን ግማሽ ካለፈ፣ ወይም ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይም ከደሙ 60 በመቶ ከበለጠ፣ ሽፋኑ ራሱ በቁጣ፣ በቲቢ ወይም በካንሰር መነካቱ ይጠረጠራል። ካልሆነ ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ይታያሉ። «ደም ደግሞ ለምን?» እያልን የምናጉረመርመው ይህን ባለማወቃችን ነው፤ ያለ ደሙ ማወዳደር አይቻልም። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ የልብ በሽተኛም ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ውኃው ወፍሮ መለኪያውን ሊያሳስት ይችላል።

በቲቢ በተቋጠረ ውኃ ውስጥ ተሕዋስያኑ ጥቂት ስለሆኑ በማይክሮስኮፕ የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ኤዲኤ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይለካል። በሊትር ከ40 ዩኒት በላይ ከሆነና ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከበዙ፣ ቲቢ በሚበዛበት አገር ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነገር ግን መግልና አንዳንድ የሊምፍ ካንሰሮችም ኤዲኤን ከፍ ያደርጋሉ። ቲቢው መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይህ ምርመራ አይነግርም፤ ለዚያ ተሕዋሱ ራሱ መገኘት አለበት።

ካንሰር ሲጠረጠር የውኃው ሴሎች ይመረመራሉ። ካንሰር ካለባቸው በዚህ መንገድ የሚታወቁት ከ100 ወደ 60 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ «አልተገኘም» ከተባለ በኋላ ሐኪሙ ደግሞ ይቀዳ ቢል ወይም ከሽፋኑ ናሙና ይወሰድ ቢል፣ የመጀመሪያው ምርመራ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።