ባዶ እጁን የማይመጣ መዝሙር

ለቅሶ ቤት ስንሄድ ንግግር አንዘጋጅም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንገባለን፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንቀመጣለን። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ አንዷ ጎረቤት እንጀራ፣ ሌላዋ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች። ከለቅሶ ደራሽ የሚጠበቀው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ አብሮ መቀመጥና ባዶ እጅን አለመምጣት።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል በተካሄዱት ጦርነቶች ምክንያት በአዲስ አበባም ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ቤትና በመዘምራን ኅብረት ሲዘምሩ ደስ ብሎን እናዳምጣለን። በዚህ ወር አንድ ጥያቄ ላንሣ። ጦርነት ባለበት አገር መዝሙር እንዴት ለቅሶ ይደርሳል?

ለጦርነት የሚሆን ዜማ አልጠፋንም። ሽለላው፣ ቀረርቶውና ፉከራው ዘማቹን የሚሸኙ ናቸው። በደርግ ዘመንም የኪነት ቡድኖች በየአደባባዩና በየጦር ካምፑ እየዞሩ ወታደሩን ያነቃቁ ነበር። ሸኚው ብዙ ነው። እግሩን አጥቶ ለሚመለሰው፣ ባሏ ለማይመለስላት፣ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ለሚለው ሕፃን የሚሆን ዜማ ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ይህን ሥራ ከሠሩት መካከል ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ።

የመጀመሪያዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ሲሆን በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ደግሞ ስመ ጥሯ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተማሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጣሊያን ወረረ። በ1929 ዓ.ም.፣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተጋዙ። ከዚያም ኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለ ስፍራ ተዛወሩ። የጦርነትን ነገር ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው በአንድ የፖላንድ ቫዮሊን ተጫዋች ሥር ተማሩ። ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን የመቀጠል ዕድል አግኝተው ነበር፤ ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘኑ ከምግብ እስከ መለየት አደረሳቸው። በኋላም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ፤ በዚያም አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ሙዚቃን ወደ አገልግሎት ያመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚያድሩትንና ቁራሽ ለምነው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ገቢው በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆች የሚያድጉበትን ማሳደጊያ እንዲረዳ ዋለ። በልጅነታቸው በጦርነት የተጋዙት ሴት አድገው በፒያኖ የጦርነት ሙት ልጆችን ደገፉ ማለት ነው። በዜማው ውስጥ አንድም ቃል የለም፤ ፒያኖ ብቻ ነው። ሆኖም ከሸክላው በስተጀርባ አንድ ሕፃን ምሳውን ይበላ ነበር። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የእማሆይ መዝሙር እንጀራ ይዞ የመጣ ለቅሶ ደራሽ ነው። አብሮ የተቀመጠው ደግሞ የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ነው። ደርግ በሰሜንና በምሥራቅ በሚዋጋበት ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ምእመናኑ በየቤቱ በዝግታ ይሰበሰቡ ነበር። ተስፋዬ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ያህል በደቡቡ የአገራችን ክፍል ታሰረ። መዝሙሮቹ ግን አልታሰሩም። በቤት ቴፕ እየተቀዱ፣ ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ልጁ ለተወሰደባት እናት «አይዞሽ» የሚላት፣ እርሱ ራሱ እስር ቤት ያለ ሰው ነው። መከራውን አብሮ የተቀመጠ ሰው ሲዘምርላችሁ እንዴት እንደሚሰማ ያ ትውልድ ያውቀዋል፤ እናትና አባቶቻችሁን ጠይቋቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ዘነበወርቅን ያልፋል። ጉዞው የሚጀምረው የወታደር ሆስፒታል ካለበት አካባቢ ነው፤ ትንሽ ሄድ ሲሉ አለርት ይመጣል። የሰፈሩ ስም የመጣው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ካረፉት ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስማቸው የተሰየመው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መታከሚያ ነበር፤ አለርት በ1958 ዓ.ም. በዚያው ተቋቋመ። ታማሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ድነውም ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ሲያቅታቸው፣ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፤ ልጅ ወለዱ፤ ሰፈሩ እንዲህ አደገ። ስለዚህ ዘነበወርቅ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ከቁስሉ ይልቅ የሚያመው የሚጠይቅ ሰው ማጣት ነው። ከጦርነት የተመለሰ ሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ይሞላል፤ ወር ሲያልፍ የሚያንኳኳ ይጠፋል።

በዚህ ሰፈር እሑድ ጠዋት ከአንዱ አቅጣጫ ቅዳሴ፣ ከሌላው የመዘምራን ድምፅ ይሰማል። ሐሙስ ለልምምድ የሚወጡ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ ዘማሪ ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም። በየቤታችሁ ያለው ልጅ በቂ ነው። ነገር ግን በደስታ ብቻ ተነሥቶ ከመሄድ በፊት መታሰብ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሆስፒታል ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ከዚያም ታማሚውን ራሱን ጠይቁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይተኛል፤ መተኛት የሚፈልግም አለ። «አሁን አይሆንልኝም» ያለ ሰው መብቱ ነው። ከበሮውንና ድምፅ ማጉያውን ቤት ተዉት፤ ሁለትና ሦስት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ቢዘምር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መዝሙሩን ምረጡ። ስለ ድልና ስለ ጠላት መውደቅ የሚያወሳ መዝሙር ለቆሰለ ሰው ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ጠላት የተባለው ለአንዱ ወንድሙ ሊሆን ይችላልና። የልመናና የመጽናናት መዝሙር ይሻላል። ከየት ወገን እንደመጣ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት ስንገባ ሟቹ የማን ደጋፊ ነበር አንልም።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። እግሩ የተቆረጠ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚነሣ ቪዲዮ አገልግሎቱን ወደ ማስታወቂያ ይለውጠዋል።

አራተኛ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሳሙና፣ ብርቱካን፣ ለአስታማሚዋ የታክሲ ገንዘብ፣ ለልጆቹ ደብተር ይሁን። መዘምራኑ የዝማሬ ምሽት ሲያዘጋጁ ደግሞ የመግቢያው ገቢ ለየትኛው ቤተሰብ እንደሚውል አስቀድመው ይናገሩ፤ ሲያልቅም ምን ያህል ተሰብስቦ ለማን እንደተሰጠ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያንብቡ። ዕድራችን ይህን ያደርጋል፤ መዘምራን የማያደርጉበት ምክንያት የለም።

አምስተኛውና ከባዱ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ ዘምሮ የጠፋ ቡድን አንዳንዴ ካልመጣው ይልቅ ያሳዝናል። አንድ ቤተሰብ ብቻ ምረጡ፤ በአርባውም፣ በሰማንያውም፣ በሙት ዓመቱም ሂዱ። ልጆቻችሁም ይሂዱ። አባቱን ያጣው ልጅ ዕድሜው ከእነርሱ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፤ ከመዝሙሩ በኋላ አብረው ኳስ ይራገጡ።

ምናልባት ከልጆቻችሁ አንዱ በዚህ ሳምንት ለልምምድ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ይሆናል። ከበር ሳይወጣ «ዘንድሮ የምትዘምሩት ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ጥያቄውን ይዞ ይሂድና ለጓደኞቹ ያቅርብ።