«ተመችቶሃል!»

ያገራችን ሰው ቦርጭ ሲያይ «ተመችቶሃል!» ይላል። የተስተካከለ ሰው ሲያይ ደግሞ «ምነው ከሳህ? ምን ሆንክ?» ይላል። የመጀመሪያው ምርቃት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ለቅሶ። እኔ የምለው፣ ሆድ የባንክ ደብተር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሰው ጤናውን፣ ደመወዙን፣ የሚስቱን ሙያና የትዳሩን ሰላም ሁሉ ከቀበቶው በላይ ተሸክሞ እንዲዞር የፈረደበት ማን ነው?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የ1966ቱን የወሎ ረሃብና የ1977ቱን ያየ ሕዝብ ቅጥነትን ቢፈራ አይፈረድበትም። ኋላም ኤድስ ሲመጣ «አመንምን» ብለን ስም አወጣንለትና ከስቶ የታየ ሁሉ ተጠረጠረ። ሳንባ ነቀርሳ ያከሳል። ያልታከመ የስኳር በሽታም ራሱ ያከሳል። ሳያስበው በድንገት የከሳ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እስከዚህ እንስማማለን። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የወፈረ ሁሉ ጤነኛ ነው» ማለት ግን፣ ሌባ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ቀን የመጣ ሁሉ ጨዋ ነው እንደማለት ነው።

አንድ ወዳጄ የስኳር በሽታ ተገኘበት። ሐኪሙ «ክብደት ቀንስ» አለው። ሰውዬው እልኸኛ ነውና በስምንት ወር 14 ኪሎ ቀነሰ። ስኳሩ ወረደ፣ መድኃኒቱም ተቀነሰለት። ያን ሰሞን ለቅሶ ቢሄድ ከሟቹ ይልቅ ለእሱ የሚለቀስ መሰለው። አክስቱ ከገጠር ንጥር ቅቤ ላኩ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጥግ ይዘው «ለማንኛውም ብትመረመር…» አሉት። ሚስቱ ደግሞ «አታበላውም ብለው እኔን እኮ ነው የሚያሙኝ!» ብላ አኮረፈች። እሷም እውነቷን ነው፣ ሐሜቱ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በዓመቱ ኪሎው ተመለሰ፤ ስኳሩም አብሮ ተመለሰ። ዘመድ አዝማድ ምን አለ? «አሁን ሰው መሰልክ!»

የሐኪሙ ምክር ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት አለ። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች ምግባቸውን በጥብቅ ተቆጣጥረው ክብደት እንዲቀንሱ አደረጉ። በዓመቱ ከእነዚህ ሰዎች 46 ከመቶው ያለ ስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ወረደ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ 86 ከመቶው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የተረፈ ጉልበት ስብ ሆኖ በጉበትና በቆሽት ውስጥ ሲጠራቀም ኢንሱሊን ሥራውን በወጉ መሥራት ያቅተዋል። ስቡ ሲለቅ አካሉም ይተነፍሳል። እንግዲህ እኛ «ከሳ» ብለን ደረት የምንመታለት ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«የእኔ ውፍረት ከምግብ አይደለም፣ ሰውነቴ ቀርፋፋ ሆኖ ነው» የሚልም አለ። ሌላው «ዕድሜ ነው፣ ከአርባ በኋላ ምን ይደረጋል» ይላል። ሰውነታችን ተኝተንም ይሠራል። ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት እረፍት የላቸውም፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው በቀን ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛው የሚሄደው ለዚሁ ነው። ሜታቦሊዝም የሚባለው ይኸው የምግብና የጉልበት ገቢና ወጪ ነው። ታዲያ ትልቅ አካል ከትንሹ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያቃጥልም፤ ትልቅ ቤት ብዙ መብራት ይበላ የለ? የዕድሜውንም ነገር እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፈትሾታል። ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎች መረጃ ታይቶ፣ የአካል መጠን ከተስተካከለ በኋላ የጉልበት ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም እንደማይለወጥ ተገኘ። በአርባ ዓመታችን የሚለወጠው ወንበሩና ግብዣው ነው።

ይህን ስል «ወፍራም ሁሉ ሆዳም ነው» ለሚሉት ድንጋይ ማቀበሌ አይደለም። የከሳ ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ ሰውነቱም ወጪውን ይቆጥባል። አካላችን ረሃብን እንጂ ድግስን ሲለማመድ አልኖረም። ስለዚህ የቀነሰ ሰው በየቀኑ ከራሱ አካል ጋር ይታገላል። በዚያ ላይ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልን ጉርሻ ይዘን ስንቆምበት አስቡት። እንግዳ «በቃኝ» ሲል የምንሰማው «ምግባችሁን ናቅሁ» ብሎ ነው። አልፈልግም ላለው ለስላሳ ይከፈትለታል፤ በአንዷ ጠርሙስ ውስጥ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ስኳር በሽተኛ ጋባዡን ላለማስቀየም ይጠጣዋል!

ጾሙም አያድንም፣ ምግቡን ካላወቅነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል፣ የጾም ይሁን የፍስክ አይለይም። ዘይት የሚንሳፈፍበትን ሽሮ በልቶ «ሁለት ወር ጾሜ እንዴት ወፈርኩ?» የሚለውን ሰው መልሱ ድስቱ ውስጥ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሹ ያህል እንደ ቅቤ የረጋ የስብ ዓይነት ነው።

ሌላው ጥግ ላይ ቦርጭ አጥፊ ነጋዴው ቆሟል። የሚያስቀምጥ ሻይ ይሸጣል፤ ስቲም ውስጥ ያልባል። ሚዛኑ እርግጥ ይወርዳል፤ የወጣው ግን ውኃ ነው፣ ሲጠጡ ይመለሳል። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይዟል። በላብ አይተንም፣ በተቅማጥም አይወርድም።

የዓይናችን ውሸት የሚከፋው ግን ሕፃናት ላይ ነው። ፕሮቲንና ሌላው ጎድሎበት ፊቱና እግሩ ያበጠ ልጅ «ደለበ» ተብሎ ይመረቃል፤ ኳሺዮርኮር ነው፣ ይገድላል። ለዚህ ነው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን በዓይኗ ገምታ የማትሄደው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለበትን መለኪያ ክንዱ ላይ ትጠመጥማለች፣ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነም ወደ ሕክምና ትልካለች። እግሩን ተጭናም ጣቷ ጎድጉዶ ይቀር እንደሆነ ታያለች። ለአዋቂም ቢሆን ሥጋ መሸከም መጥገብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 22 ከመቶው ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 ከመቶው ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ፤ ከአራቱ አንዷ ገደማ ደግሞ ደም ያንሳታል። ደም ማነስ ቀጭን ወፍራም አይልም። ከምሳ ላይ ወዲያው የምንደርበው ሻይ እንኳ ከእንጀራውና ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል፤ አንድ ሰዓት ብንታገስ ምን ይለናል?

ለአዋቂም ሜትር አለው። ወገብ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ መለካት ይቻላል። ያ ወዳጄ ሰሞኑን ተለክቶ እንደገና ጀምሯል። እስካሁን አራት ኪሎ ወርዷል። አክስቱ ሰምተው ቅቤ ሊልኩ መኪና እያፈላለጉ ነው አሉ። እባካችሁ የምታውቋቸው ካላችሁ ንገሩልኝ፣ ቅቤው ይቆይ።