«ተሰጥኦ ካለው ያልፋል» ስለሚባለው አነጋገር

«ልጁ ተሰጥኦ ካለው ያልፋል፤ ከሌለውም ምን ይደረጋል» የሚል አነጋገር በወላጆች አፍ፣ በትምህርት ቤት ዲሬክተሮች አፍ፣ እንዲሁም ከዚህ የተሻለ ነገር ሊናገሩ ይገባ በነበሩ በብዙ የተማሩ ሰዎች አፍ ሲነገር እንሰማለን። አነጋገሩ ነገሩን ሁሉ ለፈጣሪ የተወ ስለሚመስል ትሕትና ያለበት ይመስላል። ዳሩ ግን በቅርብ የመረመርነው እንደ ሆነ፣ ትሕትና ሳይሆን ዕዳን ከትከሻ የማውረጃ ዘዴ ሆኖ እናገኘዋለን። ልጁ በሙዚቃ ፈተና ያለፈ እንደ ሆነ ምስጋናው የተፈጥሮ ነው፤ የወደቀም እንደ ሆነ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው፤ አባት፣ መምህርና ሹም ግን ምንም ዕዳ ሳይኖርባቸው እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ። እኛ የምንከራከረው ከዚህ አነጋገር ጋር ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ከአንድ ስፍራ ተነሥተን እንመልከተው። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሀብሮ ወረዳ፣ በገለምሶ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በመጨረስ ላይ የምትገኝ አንዲት ልጃገረድ ሙዚቃ ለመማር ቈርጣለች እንበል። ከሁሉ አስቀድሞ የምታስበው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1946 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ፣ በ1950ዎቹ ዓመታት የሙዚቃው ሊቅ ዶክተር አሸናፊ ከበደ በዲሬክተርነት የመሩት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ነው። ልጅቱ ከገለምሶ ተነሥታ የቀድሞው አሰበ ተፈሪ ወደ ሆነው ወደ ጭሮ ትሄዳለች፤ ከጭሮም እስከ አዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ ተጕዛ የምትደርሰው ጥቂት ደቂቃ ወደሚፈጅ ፈተና ነው።

በእንዲህ ያለው ፈተና የሚጠየቀው ነገር በየትም አገር ቢሆን ምሥጢር አይደለም። ፈታኙ አንድ አጭር ዜማ ያሰማል፤ ተፈታኙ መልሶ ያዜማል። ፈታኙ ምት ያጨበጭባል፤ ተፈታኙ ይደግማል። ሁለት ድምፆችን አሰምቶ የቱ እንደሚቀጥን፣ የቱ እንደሚወፍር ይጠይቃል። ከዚያም ተፈታኙ አዘጋጅቶ የመጣውን እንዲዘፍን ወይም በመሣሪያ እንዲጫወት ይታዘዛል። ከማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ አዚሞ የማያውቅ ልጅ በዚያች ደቂቃ ድምፁ በጕሮሮው ይቀራል፤ ፈታኙም የሰማውን ይጽፋል እንጂ ያልሰማውን ሊጽፍ አይችልም። ታዲያ ይህች ልጅ የወደቀችው ተሰጥኦ አጥታ ነውን? ወይስ እስከዚያች ቀን ድረስ «እስቲ ይህን መልሰሽ በይልኝ» ያላት ሰው ባለመኖሩ ነው?

«አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ብሎ በሩን ስለሚዘጋው አባት ብዙ አንናገርም። የእርሱ ነገር ከዚህ በፊት በብዙ ሰዎች ተጽፏል፤ ዘመኑም ራሱ እየመለሰለት ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በአገራችን ልጆቻቸውን ለሙዚቃ በማዘጋጀት ረገድ እንደ አዝማሪዎች የተጋ ወላጅ አልታየም። የአዝማሪ ልጅ በእግሩ መሄድ ከጀመረ አንሥቶ ከአባቱ ጋር ሠርግና ድግስ ይዞራል፤ ማሲንቆውን ይሸከማል፤ የአባቱን ግጥም ይቀበላል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ስማቸውን መስደቢያ ያደረግናቸው ሰዎች የወላጅነትን ሥራ ከእኛ ይልቅ ዐውቀውበታል።

ክርክራችን ይልቁንም ከሁለተኛው አባት ጋር ነው። እርሱ ደግ ሰው ነው። ልጁን አይከለክልም፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ዘመድም ስልክ ይደውላል። ገንዘብ የተረፈው እንደ ሆነም ቍልፉን ሲነኩት ከበሮውን ራሱ የሚመታ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ገዝቶ ያመጣል። ይህን ካደረገ በኋላ «እንግዲህ ተሰጥኦ ካላት ታልፋለች» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ሰው ከፋዩን አባት አሟልቶ ሆኗል፤ ሰሚውን አባት ግን ከቶ አልሆነም።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይኸው ሰው በሌላው ሥራው እንዲህ የማያስብ መሆኑ ነው። የገለምሶ ሰው ቡና ያውቃል። የሐረርጌ ቡና በዓለም ገበያ ስም ያለው መሆኑንም ያውቃል። ነገር ግን «ዛፉ ጥሩ ከሆነ ቡናው ራሱ ይደርቃል» የሚል ገበሬ በሀብሮ ምድር አይገኝም። ጠንቃቃው ገበሬ የቀላውን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፤ አስጥቶ ያገላብጣል፤ ደመና ባየ ጊዜ ይሸፍናል፤ ሻጋታ እንዳይዘው እየተመለከተ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ሳምንታት ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ ነው ቀማሹ «ጥሩ ቡና ነው» የሚለው። ለቡናው እንዲህ የሚደክም ሰው ለልጁ ጆሮ ምንም እንደማያስፈልገው ማን ነገረው?

አባቶቻችን ጆሮ የሚሠለጥን ነገር መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ድጓን የሚማር ልጅ በዓመታት የሚቈጠር ጊዜ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ አንዲቱን ዜማ መቶ ጊዜ ይቀጽላል፤ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ሒደቱን፣ ርክርኩን ለይቶ ያውቃል፤ ከዚያም ጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ማስመስከር ማለት እንግዲህ ዛሬ በከተማ ቋንቋ የሙዚቃ ፈተና ከምንለው ነገር ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ነገር ግን «ተሰጥኦ ካለው ሳይቀጽል ይመስከር» ያለ የድጓ መምህር ሰምተን አናውቅም።

በገለምሶም ቍርኣን ቤት ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጁ ሉሁን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ የሚረዝመውን ድምፅ አሳጥሮ፣ የሚያጥረውን አርዝሞ ያነበበ እንደ ሆነ ወዲያው ይመለሳል። ማታም ከቤቱ ሲገባ አባቱ ወይም እናቱ የተማረውን ሱራ ያስቀሩታል። ይህ ንባብ እንጂ ሙዚቃ አይደለም የሚል ቢኖር እናከብረዋለን፤ እኛም የምንናገረው ስለ ጆሮ ነው። በዚህ አኳኋን ያደገ ልጅ ረቂቅ ድምፅ ለይቶ መስማትን ተምሯል። ልጁን ሱራ የሚያስቀራው ያ አባት፣ ስለ ሙዚቃ ፈተና በተነሣ ጊዜ «እኔ ምን ዐውቃለሁ» ማለቱ አይገባንም።

ትምህርት ቤቱ በስሙ የተጠራለትን ሰው ታሪክ እንኳ ብናስታውስ ነገሩ ይገለጥ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ያሬድ በሕፃንነቱ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ አልገባው ብሎ ብዙ ተመታ፤ በመጨረሻም ሸሽቶ ሄደ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር፣ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትደርስ ተመልክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። እንግዲህ በአገራችን የዜማ አባት የምንለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት በተሰጥኦ ቢመዘን ኖሮ ከደጅ የሚመለስ ነበር። በስሙ ወደ ተሰየመው ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ስንልክ «ካለው ያልፋል» ማለታችን በታሪኩ ላይ መቀለድ ይመስለናል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቃሉም ጥቂት እንበል። ተሰጥኦ የሚለውን ቃል ዛሬ ከስጦታ ጋር አገናኝተን እንናገረዋለን። በቅዳሴ ጊዜ ግን ተሰጥኦ የሚባለው ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ የሚመልሰው ነው፤ የግእዙም ቃል መመለስን፣ መልስ መስጠትን ያመለክታል። የሚመልስ እንዲኖር አስቀድሞ የሚጠራ መኖር አለበት።

እዚህ ላይ ተከራካሪያችን «ጥላሁን ገሠሠ የትኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ? አሊ ቢራስ ማን አዘጋጀው?» ብሎ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ጥያቄው ይገባል፤ መልሱ ግን የሚረዳው እኛን ነው። ጥላሁን በወሊሶ ተማሪ ሳለ አያቱ ወደ ቀለም ትምህርቱ እንዲያተኵር ይፈልጉ ነበር፤ ልጁን የሰማውና ያበረታታው ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነበር። ከዚያም በኋላ በሀገር ፍቅርና በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ በየዕለቱ ልምምድ ያደረገ ሰው ትምህርት ቤት አልገባም ማለት አይቻልም። ጎረቤታችን ድሬዳዋም እንዲሁ ናት። በ1950ዎቹ ዓመታት አፍረን ቀሎ በሚባለው ቡድን የተሰበሰቡት ወጣቶች አንዱ ለሌላው መምህር ሆነው ሲሠሩ፣ አሊ ቢራ ገና ልጅ ሳለ ከመካከላቸው ገብቶ አደገ። በ2015 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ የሐረርጌ ሰው ሁሉ ያለቀሰለት ድምፅ በአንድ ሌሊት የተገኘ አልነበረም። ለእነዚህ ሁለቱ ሰሚ ደረሰላቸው። ሰሚ ያልደረሰላቸውን ስማቸውን ስለማናውቅ ልንቈጥራቸው አንችልም፤ «ካለው ያልፋል» የሚለው አነጋገር እውነት መስሎ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም ለዚህ ምስክር ነው። የመጀመሪያ መሣሪያው ክራር ነበር፤ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያሬድ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ቀጥሎም በቡልጋሪያ፣ በሶፊያ ተምሮ በዓለም መድረክ የሚጫወት ሰው ሆነ። ስለዚህ በቤታችን ፒያኖ የለም ብሎ የሚያዝን የገለምሶ አባት ኀዘኑን ይተው። በክራር አምስቱን ድምፅ ለይቶ ያወቀ ጆሮ በፒያኖ ፊት ባዕድ አይሆንም።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ በምን እረዳታለሁ?» ለሚለው አባት ወይም እናት የምንመልሰው ይህን ነው። ልጂቱ የምትለማመድበት ቁርጥ ያለ ሰዓት በቤት ውስጥ ይኑር፤ በዚያ ሰዓት ውኃ ቅጂ፣ ገበያ ላኪ አይባል። ይህን የምንለው በተለይ ለሴቶች ልጆች ነው፤ ወንድሟ ሲለማመድ «ሥራ ላይ ነው» ይባላል፣ እርሷ ስትለማመድ ግን ሥራ እንደ ፈታች ይቈጠራል። ዐሥር ዘፈን በግማሽ ከምትችል ሁለቱን አጥርታ እንድትችል ይደረግ፤ አንዱም ያደገችበት የሸጎዬ ዜማ ቢሆን መልካም ነው፤ ሌላው ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ የአንዱ ቅኝት ይሁን። አባት ያጨብጭብ፤ እርሷ ትድገም፤ የተሳሳተው አባትየው እንኳ ቢሆን ስሕተቱን ማግኘቷ ራሱ ትምህርት ነው። ዛሬ በየሰዉ ኪስ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ የዛሬውን ከባለፈው ወር ጋር አስተያይቶ መስማት ሙዚቀኛ መሆንን አይጠይቅም። ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበ ጊዜም በሰው ፊት ትዝፈን፤ እንግዳ የሆኑ ዐይኖችን ቀድማ ትልመድ። በወረዳው ክራር ወይም ማሲንቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ለጫት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ተቀንሶ ለእርሱ ይከፈል። (ይህ የመጨረሻው ምክራችን በገለምሶ ወዳጅ እንደማያፈራልን እናውቃለን።)

ትምህርት ቤቶቻችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በብዙ ስፍራ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ላነሰው መምህር ነው፤ እርሱም ተማሪዎቹን አንድ መዝሙር አስጩኾ ደወሉን ይጠብቃል። የሒሳብ መምህር በዚህ አኳኋን ቢመደብ ወላጅ ሁሉ አቤት ይል ነበር። ዲሬክተሩም በዓመቱ መጨረሻ ከእርሱ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ፈተና ያለፈ አለመኖሩን ሲሰማ «በዚህ አገር ተሰጥኦ የለም» ይላል፤ ማታ ማታ በከተማው ሠርግ ቤቶች የሚሰማውን እየሰማ።

ይህን መጽሔት የሚያነብቡ የትምህርት ሹማምንት ስላሉ የምንለምነው አንድ ነገር አለን። የሙዚቃ ፈተና በሚታወጅበት ጊዜ ማስታወቂያው ቀንና ስፍራ ከመንገር ዐልፎ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ ይግለጥ፤ ወራት ቀደም ብሎም በገለምሶ፣ በበዴሳና በጭሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። የወደቀውም ተፈታኝ በምን እንደ ወደቀ፣ በምት ይሁን በዜማ፣ በጥቂት መስመር ይጻፍለት፤ ወደ ቤቱ ይዞት እንዲመለስና በሚመጣው ዓመት አባቱ ማታ ማታ የትኛውን እንደሚያስቀጽለው እንዲያውቅ።