የእማዬ ቀሚስ ድሪቶ ሆነ?

እማዬ ካረፈች በኋላ ሦስት የጥጥ ቀሚሶቿ ሻንጣ ውስጥ ቀሩ። ለሰው መስጠት ከበደኝ፣ ልለብሳቸውም አልሆነልኝ። «የሶፋ ትራስ ልሰፋባቸው ነው» ስል ታላቅ እህቴ «የእማዬን ቀሚስ ድሪቶ ልታደርጊው?» ብላ አኮረፈችኝ። አልፈርድባትም፤ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅማ!

ስለዚህ መጀመሪያ በአቡጀዴ ተለማመድኩ። እናንተም ቀሚሱ የማይተካ ከሆነ እንዲሁ አድርጉ። ከካርቶን 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ቁረጡና በእሱ እየለካችሁ 16 ቁራጭ አውጡ። በየጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ስፌት ይበላዋል፤ አራት በአራት ሲገጠም 40 በ40 ትራስ ይወጣዋል። አራት አራቱን በረድፍ ስፉ፣ ስፌቱን በካውያ ተኩሱ፣ ከዚያ ረድፎቹን ግጠሙ። እኔ ካውያውን ንቄ ማዕዘኑ ሁሉ ተንጋደደና ስተረትር አመሸሁ። ለጀርባው የምታደርጉት አዲስ ጨርቅ ከሆነ ሳትቆርጡ እጠቡት፤ ጥጥ ሲታጠብ ይገባል። የእማዬ ቀሚስማ ስንት ዓመት ታጥቦ የሚገባውን ገብቷል።

መቀሱን ቀሚሷ ላይ ሳሳርፍ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አበባማውን ለመጨረሻ አቆየሁት።

እህቴ ባለፈው እሁድ መጣች። ትራሱን አቅፋ አንዱን ቁራጭ በጣቷ ዳበሰች። «ይሄ የፋሲካው ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ለእኔስ?»