አርሰናል ይቀርባል ወይስ ፋሲል?

የደብረ ታቦር ኳስ ወዳጅ ሁለት ክለብ አለው። አንዱ እንግሊዝ ያለው ነው፤ አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ። ሁለተኛው ፋሲል ከነማ። ለመሆኑ የትኛው ይቀርባል? "ጎንደርማ ምን ይርቃል!" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በማለዳ አውቶቡስ የተሳፈረ ደጋፊ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብቶ አፄዎቹን በዓይኑ ያይ ነበር።

ይሄ ግን ድሮ ቀረ። የ2012 ዓ.ም ሊግ በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ሲመለስ ጨዋታው ሁሉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ሆነ። ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያው ዓመት ነው፤ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ! ደጋፊውስ? አንዱ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ተፋፍጎ፣ ሌላው ሞባይሉ ላይ አፍጥጦ ውጤት ሲጠብቅ ከረመ።

በቴሌቪዥን መተላለፉን አልጠላሁም፤ ለክለቦቹም ገንዘብ አምጥቷል። ነገር ግን ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መዞሩን ቀጠለ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ያቺ የስልክ መስኮትም ተዘጋች።

ከሩቅ መደገፍ ነውር የለውም። አርሰናል ግን ለንደን ሜዳው ላይ ይጫወታል፤ የሰፈሩ ልጅ ያየዋል። የእኛ ልጅ የአገሩን ክለብ እንደ ባሕር ማዶ ቡድን መከታተል የለበትም። የሊጉ አመራሮች ሆይ፣ ጸጥታው በፈቀደበት ሁሉ ጨዋታውን ወደየከተማው መልሱ። አለዚያ ልጆቻችን የአርሰናልን ማልያ ብቻ ቢለብሱ አትውቀሷቸው!