ከቡናው ጎን የተቀመጠው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ፣ ሦስተኛ ክፍል የሚማረውን የመጨረሻ ልጄን ከመተኛቱ በፊት እንደ ወትሮው «ጸሎትህን አድርስ» አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ስነግረው፣ «እማዬ፣ እግዚአብሔር እኛን ይወደናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንዴ! በጣም ነው እንጂ የሚወደን።»

«ታዲያ እሑድ ዕለት ረስቶናል ያልሽው ለምንድን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።

እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ነበር። ውኃ ከጠፋ 9 ቀን ሆኖታል፤ ቡናውንም ያፈላሁት በተገዛ የጀሪካን ውኃ ነው። የቤት ኪራይ ተጨምሮብናል። የጤፉንና የዘይቱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። አቦሉን በውኃው ጀመርን፣ ቶናውን በኪራዩ ቀጠልን፣ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እኔው ራሴ እጄን አወናጭፌ፣ «እግዚአብሔርም ረስቶናል መሰለኝ» አልኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የያዝነው ሲኒ ስሙ በረካ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። ልጄ ከጎናችን ቄጠማው ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። የሚሰማን አልመሰለኝም።

በዚያ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኦሪት ዘኍልቍን አውጥቼ አነበብኩ። ልጅ ሳለሁ የእስራኤላውያን ማጉረምረም ያስቀኝ ነበር። ባሕር ተከፍሎላቸው የተሻገሩ ሰዎች ስለ ምግብ ሲያማርሩ! አሁን አላሳቀኝም። መናው በየጠዋቱ ይወርድላቸዋል፤ ድንብላል የሚመስል፣ እንደ ማር የሚጣፍጥ። እነሱ ግን በግብፅ የበሉትን ዓሣና ዱባ፣ ሽንኩርቱንም እያነሡ አለቀሱ። (ሽንኩርት ያኔም ሰው ያስለቅስ ነበር ማለት ነው።) ሽንኩርቱን አስታወሱ፤ የጡቡን ሥራ፣ ወንዝ የተጣሉትን ሕፃናት ረሱ።

ማማረር የሚጎዳን በዚህ ይመስለኛል። ችግርን አይፈጥርም፤ ችግሩማ አለ። ትዝታን ግን ይመርጣል። የተደረገልንን ከፊታችን አንሥቶ የጎደለውን ብቻ ያስቀምጥልናል። እምነት ደግሞ ትልቁ ክፍሉ ትዝታ ነው። ትናንት ያሻገረን ነገ አይጥለንም ብለን የምናምነው ትናንትን ስናስታውስ አይደል?

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ምድሪቱን ሊሰልሉ ከሄዱት 12 ሰዎች 10ሩ አስፈሪ ወሬ ይዘው ሲመለሱ ሕዝቡ አጉረመረመ። የት? ኦሪት ዘዳግም በየድንኳናቸው እንደሆነ ይነግረናል። ድንኳን ለእነሱ ቤት ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች አሉ። ምክንያት ያደረጉትም ልጆቻቸውን ነበር፤ ይማረኩብናል ብለው። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ወላጆቹ 40 ዓመት ተንከራትተው በምድረ በዳ ቀሩ፤ ያለቁ የተባሉት ልጆች ገቡ። ከዚያ ትውልድ አብረዋቸው የገቡት ኢያሱና ካሌብ ብቻ ናቸው። እኔም ለምን ታማርሪያለሽ ስባል፣ «ለልጆቼ ብዬ ነው» ነው የምለው።

እናቴ ወሎ ውስጥ የ1977ቱን ድርቅ ያለፈች ሴት ናት። የሁለት ዓመት ወንድሜን የቀበረችው ያኔ ነው። ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እያለቀሰች፣ «ምን በደልኩህ? ለምን ወሰድክብኝ?» ስትል እሰማት ነበር። ይህንን ማጉረምረም ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። እናቴ የምትናገረው ለራሱ ነው። ሐናም ልጅ አጥታ በሴሎ ልቧን ስታፈስ፣ የሰከረች የመሰለችው ለካህኑ ለዔሊ ነው እንጂ እግዚአብሔር ሰምቷታል። እናቴን እየሰማሁ አንድም ቀን እግዚአብሔር ትቶናል ብዬ አላሰብኩም። እንዲያውም እዚያ ጨለማ ውስጥ ከእሷ ጋር ቁጭ ያለ ነበር የሚመስለኝ። ልጄ ከእኔ የሰማው ግን ለእግዚአብሔር የተነገረ ብሶት አይደለም፤ በሌለበት የታማ ይመስል፣ ሐሜት ነው።

ስለዚህ ጥርሳችንን ነክሰን «ተመስገን» እንበል ማለቴ አይደለም። ልጆች እሱንም ያውቁብናል። የውኃውንም ነገር ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቴን አልተውኩም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ የሰፈሩን ፊርማ እያሰባሰብን ነው። መብትን መጠየቅ ሌላ፣ ቁጭ ብሎ እግዚአብሔርን ማማት ሌላ።

ረቡዕ ማታ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ያልኩት ትክክል አልነበረም። ከፍቶኝ ነበር፤ ለእግዚአብሔር መንገር ሲገባኝ ለሰው ነገርኩ» አልኩት።

«እሺ፣ አሁን ንገሪዋ» አለኝ።

አብረን ቆምን። ስለ ኪራዩም ስለ ውኃውም ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽም አለቀስኩ። ልጁ እጄን ይዞ ዝም ብሎ ይሰማል፤ እሱ ግን በዚያን ዕለትም አልጸለየም። አላስገደድኩትም።

ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቧንቧው አጉረመረመ። ተነሥቼ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ስሞላ ልጄ በጫጫታው ነቅቶ እያንቀላፋ የጆግ ክዳን ያቀብለኝ ጀመር። እስኪነጋ አልተኛንም።

ዓርብ ማታ ሳልነግረው አልጋው አጠገብ ቆመ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ውኃውን ስላመጣህልን አመሰግንሃለሁ። ግን በቀን አድርገው፤ እማዬ ሌሊት ትተኛ። አሜን።»