ለእምነታችን የሐሰት ምርኩዝ አያስፈልገውም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ሰማይ እናውራ።

በየከተማችን የሰማይ ነገር የማረካቸው ወጣቶች እየበዙ ነው። ሮኬት ሊነሳ ነው ሲባል ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ሌሊቱን ይጠብቃሉ። የትኛው ሮኬት ስንት ሞተር እንዳለው እንደ ኳስ ተጫዋች ስም በቃላቸው ይዘውታል። ሰማዩ በጠራ ምሽት ቆም ብለው ጁፒተርን ከከዋክብት ለይተው ያሳዩናል። ከዒሻ በኋላ የመስጂድ በር ላይ ቆመው ሲከራከሩም እንሰማቸዋለን።

ከእኛ ዘንድ የሚጠብቃቸው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዳንዶቻችን "ይሄ ምን ይጠቅማችኋል? ዱንያ ነው፤ ተዉት" እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ "እናንተ ሳይንስ ትላላችሁ፣ ሳይንሱ ራሱ እስልምናን እያረጋገጠ ነው" ብለን ስልክ ለስልክ የሚዞር የተአምር ወሬ እንልክላቸዋለን። የመጀመሪያው ልጆቹን ያስከፋል። ሁለተኛው ግን የባሰ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም በዲን ስም ሐሰት ያስተምራል።

ይህን የምንጽፈው ከጥፋቱ ነፃ ሆነን አይደለም። ከዓመታት በፊት በመግሪብና በዒሻ መካከል ደርስ ስንሰጥ የኒል አርምስትሮንግን ታሪክ ተናገርን። "ጨረቃ ላይ ሆኖ የማያውቀው ድምፅ ሰማ፤ በኋላ አንድ ዓረብ አገር ሄዶ አዛን ሲሰማ ያ ድምፅ መሆኑን አውቆ ሰለመ" አልን። ጀማዓው በተክቢራ ተቀበለን። ደርሱ ሲያልቅ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ ኡስታዝ፣ ይሄን ነገር እኮ ሰውየው ራሱ አልሆነም ብሏል። ጨረቃ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር የለም" አለን። እኛ ግን ሰው ፊት "የአላህን ቁድራ ልትገድብ ነው?" ብለን አሳፈርነው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት መስጂድ አላየነውም።

ነገሩ ሲከነክነን አጣራን። ልጁ ትክክል ነበር። አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1969 ጨረቃ ላይ ከወረደ በኋላ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 በሕይወት ኖሯል። ወሬው በሙስሊሙ ዓለም ከመብዛቱ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰውየው እንዳልሰለመ በሙስሊም አገሮች ላሉ ኤምባሲዎቹ አሳውቋል። እርሱም ሃይማኖትን ለማቃለል እንዳልፈለገ፣ ታሪኩ ግን እውነት እንዳልሆነ አስረድቷል። አላህ የሻውን ማሰማት እንደሚችል አንጠራጠርም። ጥያቄው ግን "አላህ ይችላል ወይ?" አልነበረም። ጥያቄው "ይህ ነገር ሆኗል ወይ?" ነበር። ሁለቱን ያቀላቀልነው እኛ ነን። ያን ልጅ ከመስጂድ ያራቀው ሳይንስ ሳይሆን እኛው ነበርን።

ሁለተኛውን ወሬ ሁላችሁም አይታችሁታል። የጨረቃ ፎቶ ነው፤ መሐሏ ላይ ረጅም ስንጥቅ ይታያል። ከሥሩ "ናሳ ጨረቃ ተሰንጥቃ እንደነበር አረጋገጠ" ይላል። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 10 ተጓዦች ያነሱት ነው። ስንጥቁ ሪማ አሪያዴውስ ይባላል፤ ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተፈጠረውም በሁለት ትይዩ ስብራቶች መካከል ያለው መሬት ወደ ታች በመስመጡ ነው። ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የእኛው ስምጥ ሸለቆም በተመሳሳይ መንገድ የሰመጠ መሬት ነው። ጨረቃ ላይ እንዲህ ያሉ ስንጥቆች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ጨረቃን ዞረው አይገጥሙም። ናሳም የተባለውን ነገር አላለም።

"ታዲያ የጨረቃን መሰንጠቅ ልትክዱ ነው?" የሚል ካለ፣ አዑዙ ቢላህ! በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጨረቃ መሰንጠቋን እናምናለን። የምናምነው ግን ቁርኣን ስለነገረን፣ ሶሓባዎችም በሶሒሕ ሰነድ ስላስተላለፉልን ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሙስሊሞች አንድም የጨረቃ ፎቶ ሳያዩ አምነዋል። ኢማኑን በናሳ ፎቶ ላይ የገነባ ወጣት ፎቶው ሌላ ነገር ሆኖ ሲያገኘው ምን ይይዛል? አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ሐሰት እንደተባለበት ባወቀ ቀን፣ ያንን የነገረው አፍ ስለ ጀነትና ጀሀነም የነገረውንም መጠራጠር ይጀምራል።

በዚህ ጉዳይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበለጠ አስተማሪ የለንም። ልጃቸው ኢብራሂም ገና በጨቅላነቱ በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ወደ ኋላ አስልተው ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እንደነበር ይናገራሉ። ሰዎች "ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው" አሉ። እስቲ አስቡት! ወሬውን ያወራው ጠላት አይደለም። ወሬው ክብራቸውን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም። አባት ናቸው፤ ሐዘናቸው ትኩስ ነው። ዝም ቢሉ እንኳ ወሬው በራሱ ይስፋፋ ነበር። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ያን ሲያዩ እንዲሰግዱና ዱዓእ እንዲያደርጉም አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያከብራቸውን ሐሰት ካልተቀበሉ፣ እኛ ማን ሆነን ነው እስልምናን በሐሰት "የምናግዘው"? በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ወሬው ደስ ካሰኘን ማጣራት ይቅርብን አልተባልንም።

ደግሞስ እውነቱ መች አነሰንና! የሱረያ ስም ያላት እህት ካለቻችሁ ስሟ የከዋክብት ስብስብ ስም ነው። ሱረያን ተከትሎ የሚወጣውን ቀይ ኮከብ ዓለም ሁሉ ዛሬም አልደባራን ይለዋል፤ "ተከታዩ" ማለት ነው። ሪጌል "ሪጅል" ነው፣ እግር። ደነብ "ዘነብ" ነው፣ ጅራት። መድረሳ የተማረ ልጅ አስትሮኖሚ ሲጀምር ብዙ የኮከብ ስሞችን ትርጉማቸውን ቀድሞ ያውቃቸዋል። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ዛሬ አንድሮሜዳ የምንለውን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ደመና መዝግቦታል። ኢብኑ ሻጢር ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆ ኡመያ መስጂድ ሙወቂት ነበር፤ ማለትም የሶላት ወቅት የሚያሰላ የመስጂድ ሠራተኛ። የጨረቃን እንቅስቃሴ ያሰላበት ዘዴ በኋላ ኮፐርኒከስ ከተጠቀመበት ጋር ተመሳሳይ ነው። ያኔ ሰማይን የሚያጠናው ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ከመስጂድ ነበር። ዛሬ ሰማይን የሚያጠናው ልጅ መስጂድ በር ላይ ይሾፍበታል። ታሪኩን እየጠቀስን ከምንመካ ልጁን ብናከብረው ይሻላል።

"ዱንያ ነው" ለሚሉ ወንድሞቻችንም አንድ ነገር እንበል። መናኸሪያ ላይ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቂብላ ስትፈልጉ፣ የቆማችሁበትን ቦታ ለስልኩ የሚነግሩት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። ቢያንስ የ4ቱ ምልክት መድረስ አለበት። እነዚያን ያወጣቸው ሮኬት ነው። የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ረመዳን ሊያልቅ ሲል ወደ ሕዋ ወጣ፤ ዒዱም እዚያው እያለ ገባ። የማሌዥያው ሸይኽ ሙስጠፈር እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጓዝ የአገሩ ዑለሞችና ሳይንቲስቶች አንድ ላይ ተቀምጠው መከሩ። ጣቢያው ምድርን በ90 ደቂቃ ስለሚዞር በቀን 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ትወጣለች፤ ታዲያ ሶላቱ እንዴት ይሁን? የሶላቱ ወቅት በተነሳበት ቦታ ሰዓት እንዲሆን፣ ቂብላውም በሚቻለው መጠን እንዲሆን መመሪያ አዘጋጁለት። "ተው" አላሉትም፤ እንዴት እንደሚሰግድ አስተማሩት። ትልቅነት ይህ ነው።

ለእናንተ ለሰማይ ወዳጆችም ምክር አለን። ሮኬት ሲነሳ ለማየት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ ሱብሒ የሚያልፈው ልጅ ሒሳቡ ተበላሽቶበታል። ያወቃችሁትን ይዛችሁ በአባቶች ላይ አትሳቁ፤ በአደብ ንገሩ። ተመልካች ብቻ ሆናችሁም አትቅሩ። አገራችን እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሏት። የመጀመሪያ ሳተላይቷም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ተተኩሳለች። እነዚህን የሚያሠራ ሰው ይፈለጋል፤ መንገዱም ሒሳብና ፊዚክስ ነው። ሲከብዳችሁ አትሽሹ። የስፔስኤክስ የመጀመሪያው ሮኬት፣ ፋልከን 1፣ ሦስት ጊዜ ወድቆ የተሳካለት በ4ኛው ነው።

ኢንሻአላህ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) ሰኞ ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። መካ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ በአገራችንም በከፊል ይታያል። ያን ቀን እንደ አጋጣሚ አንለፈው። ወጣቶቹ በየከተማቸው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ አውቀው ለኢማሞች ቀድመው ይንገሩ። ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ ሕዝቡን ያስጠንቅቁ። ኢማሞች ደግሞ ሶላተል ኩሱፍን አዘጋጅተው ጀማዓውን ይጥሩ። የዚያ ቀን ኹጥባም የኢብራሂምን ሞትና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኝነት ያስታውስ።

ያን ያሳፈርነውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደን "አውፍ በለን" አልነው። በሚቀጥለው ደርስም ጀማዓው ፊት ተሳስተን እንደነበር ተናገርን። ማንም አልሳቀብንም፤ ከኢማናችንም የጎደለ ነገር አልነበረም። ዛሬ የዐስር ወቅት ከጥላ ርዝመት እንዴት እንደሚታወቅ በግቢው ውስጥ እንጨት ተክሎ ለመድረሳ ሕፃናት የሚያሳያቸው እሱ ነው።

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የሚቀጥለው የተአምር ወሬ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ፣ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት ቆም በሉና አጣሩ። ካላወቃችሁ አጠገባችሁ ያለውን የሰማይ ወዳጅ ልጅ ጠይቁት።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፤ ከእውነተኞቹም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።